ስለ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን፣ ስለ አመድና ስለ ቤተ ልሔም

ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ባለበት ቤት ሁሉ ሊባል በሚችል መጠን የሚታይ አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም ዕቃው ወደ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት መታጠቡ ነው። የቤቱ እመቤት ሳህኑን ከቧንቧ ሥር ይዛ የደረቀውን ሽሮ በጣቷ ታስለቅቃለች፣ በሳሙና ታሸዋለች፣ ታለቀልቃለች፣ ከዚያም ንጹሑን ሳህን እንዲታጠብ ወደ ማሽኑ ታስገባዋለች። ለምን እንዲህ እንደምታደርግ የጠየቃት ቢኖር መልሷ አጭር ነው፤ «ታዲያ ቆሽሾ ይግባ እንዴ?» ትላለች።

ይህ ልማድ የማሽኑን ጥቅም ጥያቄ ውስጥ የሚጥል ይምሰል እንጂ፣ ማሽኑ ጨርሶ ውሃ ካልቀመሰበት ቤት ጋር ሲነጻጸር በትጋት የሚቆጠር ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ በሰፈሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወጥ ቤቶች ከቤቱ ጋር ተገጥሞ የተገኘው ማሽን በእጅ የታጠበ ዕቃ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ የሚደረደርበት ቁም ሣጥን ሲሆን፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የፌስታል ጎተራ ሆኖ ያገለግላል። ፌስታል ማለት ከሱቅ ዕቃ የሚያዝበት፣ አንድ ቀን ይጠቅማል ተብሎ የማይጣል፣ ያ ቀን ግን መጥቶ የማያውቅ ስስ የላስቲክ ከረጢት ነው። ስለዚህ አሮጌ ዕቃ ማጠቢያ ማሽንን ወደ ሥራ የመመለስ ጥበብ የመጀመሪያ ምዕራፉ ፌስታሉን ማውጣት ነው።

የማሽኑ የትውልድ ታሪክ ከአዲስ አበባ የትውልድ ታሪክ ጋር ዕድሜ ይቆጣጠራል። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ሼልቢቪል በምትባል ከተማ ትኖር የነበረች ጆሴፊን ኮክራን የተባለች ሴት፣ አገልጋዮቿ ውድ የሸክላ ሳህኖቿን ሲያጥቡ ጫፍ ጫፉን እየሸረፉ ስላስቸገሯት፣ ሳህኑ በሽቦ ቅርጫት ተይዞ ሙቅ ውሃ በኃይል የሚረጭበት መሣሪያ አስባ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1886 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘችበት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመቱ 1879 ሲሆን፣ እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃውን ወድደው አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት ዓመት መሆኑ ነው። ማሽኑም ከተማዋም ከውሃ ጋር የጀመሩትን ክርክር እስካሁን አልቋጩትም።

ኮክራን ማሽኗን እ.ኤ.አ. በ1893 በቺካጎ በተደረገው ዓለም አቀፍ ትርኢት አቀረበች፤ ማሽኑን የገዙት ግን እንደ እርሷ ያሉ የቤት እመቤቶች ሳይሆኑ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ነበሩ፤ የዚያን ጊዜ መኖሪያ ቤት ማሽኑ የሚፈልገውን ያህል የፈላ ውሃ ማቅረብ አይችልም ነበርና። ፈጣሪዋ እ.ኤ.አ. በ1913 ካረፈች በኋላ ድርጅቷ በ1926 ሆባርት ለተባለው ኩባንያ ተሸጠ፤ ኪችንኤይድ በሚል ስም የቤት ውስጥ ማሽን ለገበያ የቀረበው ደግሞ በ1949 ነው። እንግዲህ ዛሬ «የዱሮ ዕቃ» እየተባለ በናፍቆት የሚፈለገው ማሽን ከዚያ ወዲህ ባሉት ጥቂት አሥርት ዓመታት የተሠራው፣ ሆዱ ብረት፣ በሩ ከባድ፣ ድምፁ ጎረቤት የሚቀሰቅሰው ነው።

አሠራሩን ያላዩት ሰዎች በውስጡ አንዳች የሚያሽ እጅ ያለ ይመስላቸዋል። እጅም ብሩሽም የለውም። ከሥሩ ጥቂት ውሃ ያጠራቅማል፤ ሬዚስታንስ በሚባለው፣ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት በሚግል ሽቦ ያሞቀዋል፤ ፓምፑ ያንኑ ውሃ ደጋግሞ እየገፋ ቀዳዳ ባለው ክንድ በኩል ይረጨዋል፤ ክንዱም በውሃው ግፊት እየዞረ ሳህኖቹን ከላይ ከታች ይመታቸዋል። መቼ ውሃ እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚሞቅ፣ መቼ እንደሚፈስስ የሚያዝዘው ጥርስ ባለው ጎማ ላይ የሚዞር ሰዓት ነው። ከሰሜኑ አገር ከጋይንት ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ አንዲት እናት በሩ ተከፍቶ ይህ ሁሉ ቢብራራላቸው፣ «ልጄ፣ እንዲህ የሚደበደበው ዕቃው ምን አጥፍቶ ነው?» ብለው መጠየቃቸው የሚጠበቅ ነው።

የእኒህ እናት ልጅ የአሮጌ ማሽን ፈላጊዎች ዓይነተኛ ምሳሌ ሆኖ ሊቆም ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ጡረታ የወጣ ነው፤ ዕቃ አጥቦ አያውቅም፤ የሚታጠብ ዕቃ ሲያይም ክፍሉን ለቅቆ የሚወጣ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ኤምባሲ ወይም አንድ የውጭ ድርጅት ያገለገሉ ንብረቶቹን በጨረታ እንደሚሸጥ የሰማ ዕለት ልቡ ይነሣል። በጨረታው ማስታወቂያ ላይ «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ሐረግ ሻጩ ስለ ዕቃው ጤንነት አንዳችም ቃል እንደማይገባ የሚገልጽ የሕግ አነጋገር ሲሆን፣ ጡረተኛው ግን የሚያነበው ዕቃው አለ፣ ሁኔታም አለው ብሎ ነው።

ሚስት ማሽኑ በጋሪ ሲገባ ከበሩ ቆማ ትመለከታለች። በእርሷ ግምት በቤቱ ውስጥ ከዚህ በፊት በጥገና ላይ ያሉ ሁለት ራዲዮኖች፣ አንድ የልብስ ስፌት መኪናና አንድ በር የሌለው ፍሪጅ ስላሉ፣ አዲሱ መጤ ከእነርሱ ጋር ተቆጥሮ ቦታውን ይይዛል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት በዚህ ቤት የሚነገረው ከሰማይ ስለ ወረደ፣ ነገር ግን አሁንም ስለማይታለብ ነገር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጠጋኙ ነው። በአዲስ አበባ ይህን ማሽን ብቻ የሚጠግን ሰው ማግኘት ስለሚከብድ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው የኤሌክትሪክ ምጣድ ጠጋኝ ነው፤ ምርጫውም ከተመረመረ የሚነቀፍ አይደለም፣ የሁለቱም ሞትና ሕይወት በሬዚስታንስ ላይ የተንጠለጠለ ነውና። ጠጋኙ ካቻቢቴውን አውጥቶ የጀርባውን ላሜራ ይፈታል፤ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ያያል፤ ከዚያ የሙያው ሰላምታ ሊባል የሚገባውን ቃል ይናገራል፦ «ጋሼ፣ ይቺ የዱሮ ዕቃ ናት፤ የአሁኑ ሁሉ ላስቲክ ነው። ይቺ እኔንም እርስዎንም ትቀብራለች።» ጡረተኛው በደስታ ሻይ ያስፈላል። ሻዩ ካለቀ በኋላ ደግሞ «ብቻ ትንሽ ትንሽ ነገር ጎድሏታል» የሚለው ሁለተኛው ቃል ይከተላል።

የጎደለው ትንሽ ነገር ብዙ ነው። የበሩ ማሸጊያ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ይህ የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ከሶማሌ ተራ በሚመጣ የመኪና በር ጎማ ይተካል፤ በመሆኑም ማሽኑ በሩ ሲዘጋ የታክሲ ድምፅ ማሰማት ይጀምራል። የፓምፑ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሁለት ብረት መካከል ገብቶ ውሃ እንዳያመልጥ የሚያደርገው ስስ ማሸጊያ፣ በልክ ተቆርጦ ይሠራል። የሰዓቱ ነሐስ ምላሶች አረንጓዴ ዝገት ስለ ለበሱ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻሉ። ውሃ የሚያስገባው ቫልቭ ተቃጥሎ ከተገኘ ምናለሽ ተራ ተሂዶ ከሌላ የሞተ ማሽን ላይ ይፈታል። ምናለሽ ተራ የተጣለ ነገር ሁሉ እንደገና ስም የሚያገኝበት የመርካቶ ክፍል ነው፤ በርሜሉ ምድጃ፣ ጎማው ጫማ፣ ጣሳው ኩራዝ ሲሆን የሚታየው እዚያ ነው። ጡረተኛው ወደዚያ የሚሄደው አንድ ቫልቭ ሊገዛ ሲሆን፣ ሲመለስ የሚይዘው ቫልቭና ሦስተኛ ራዲዮን ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የማሽኑ ትውልድ አገር ነው። በአሜሪካ የተሠራ ማሽን የሚጠጣው ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን የኢትዮጵያ 220 ነው፤ ይህን ልዩነት ትራንስፎርመር የሚባለው፣ የኤሌክትሪክን ቮልት ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ከባድ ሣጥን ይፈታዋል። ትራንስፎርመሩ የማይፈታው ሌላ ልዩነት ግን አለ። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የኢትዮጵያ 50 ጊዜ፤ አሮጌው የማሽን ሰዓት ደግሞ የሚዞረው ምልልሱን እየቆጠረ ስለሆነ፣ እዚያ በ60 ደቂቃ የሚፈጽመው ሥራ እዚህ 72 ደቂቃ ይወስድበታል። ፓምፑም በዚያው ልክ ይዘገያል፣ ክንዱም ይለዝባል። ጠጋኙ ስለዚህ ነገር ሲጠየቅ የሐበሻን ቀጠሮ እንደ ተማረች ይናገራል፤ ጡረተኛው በዚህ ይኮራል፤ ሚስት ግን በ72 ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል ሳህን እንደምታጥብ በልቧ ታሰላለች።

ውሃውም የራሱ ሒሳብ አለው። እነዚህ ማሽኖች በተለምዶ የሚጠይቁት ትንሹ የውሃ ግፊት 1.4 ባር ያህል ሲሆን፣ ይህን ግፊት ያለ ፓምፕ ለማግኘት ውሃው ከማሽኑ በላይ 14 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ መቀመጥ ይኖርበታል። ሮቶ ተብሎ የሚታወቀው የፕላስቲክ ታንከር በቆርቆሮ ቤት ላይ ሲሰቀል ከፍታው አራት ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ ለማሽኑ ሌላ ፓምፕ ይገዛለታል፤ ለፓምፑ የመብራቱን መዋዠቅ የሚያረጋጋ ስታቢላይዘር ይገዛለታል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ውሃና መብራት በአንድ ቀን የሚገናኙበት ዕለት እየተጠበቀ ዕቃው ይቆያል። የአሜሪካው ማሽን የሚገባለት ውሃ ከመነሻው ሙቅ እንዲሆን ስለሚፈልግ የሻወሩ ቦይለርም ይጠለፍለታል፤ በዚያ ቀን የቤቱ ሰው ገላውን በቀዝቃዛ ይታጠባል፤ ሳህኑ ግን አይበርደውም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ማሽኑ ቢዞርም እንኳ ብርጭቆው ደመና ለብሶ ሊወጣ ይችላል፤ ጥፋቱም የዱቄቱ ነው። እነዚያ የድሮ ማሽኖች የተነደፉት ፎስፌት ላለበት ዱቄት ነበር፤ ፎስፌት ቅባትን የሚያላቅቅና ኖራማ ውሃን የሚያለሰልስ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ወደ ሐይቅና ወንዝ ሲገባ ግን አረንጓዴ አልጌን ያለ ልክ እያፋፋ ዓሦችን አየር ስለሚያሳጣ፣ ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች፣ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት በማሽን ዱቄት ላይ ገደብ ተጣለበት። ዛሬ በሣጥን የሚሸጠው ዱቄት በአመዛኙ የተመሠረተው ሶዲየም ካርቦኔት በሚባል የሶዳ ጨው ላይ ነው። የዚህ ጨው የቅርብ ዘመድ ፖታሲየም ካርቦኔት ነው። ፖታሲየም ካርቦኔት የሚገኘውም የእንጨት አመድ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ አመዱን ተከትሎ ከአዲስ አበባ ወጥቶ፣ ከወረታ ወደ ወልድያ ቻይናውያን በሠሩት መንገድ ደብረ ታቦርን አልፎ፣ የጉናን ተራራ ተንተርሶ ወደ ጋይንት ይሻገራል።

ቤተ ልሔም በጋይንት የምትገኝ የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓ ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጠው፣ የዓመቱን በዓላት ሁሉ የሚያዳርስ የዜማ መጽሐፍ ሲሆን፣ ማስመስከር ማለት ተማሪው ሌላ ቦታ የተማረውን ዜማ በቤተ ልሔም መምህር ፊት አቅርቦ፣ ታርሞና ተፈትኖ መምህር ለመሆን የሚያበቃውን ምስክርነት መቀበሉ ነው። ዝማሬ መዋሥዕት ያስመሰክር ዘንድ ወደ ዙር አምባ፣ ቅዳሴ ያስመሰክር ዘንድ ወደ ሰለልኩላ እንደሚኬድ፣ ድጓ የሚል ሁሉ ከየአገሩ ተነሥቶ ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል። እዚያ የደረሰ ተማሪ በሣር ጎጆ ያድራል፤ ለምኖ ይበላል፤ ስለ ዜማው ምልክት አንዲት ነጥብ ከየኔታ ጋር ሲደክም ይውላል።

ዕቃ በማጠብ ጥናት ውስጥ ይህ ተማሪ ልዩ ስፍራ አለው፤ የሚታጠብ ዕቃ የለውምና። ምግቡን የሚቀበለው በአኮፋዳ ነው፤ አኮፋዳ ከሣር የተሰፋ የተማሪ መያዣ ሲሆን አይታጠብም፣ ይራገፋል። የሚበላው እንጀራ ራሱ ሳህን ነው፣ ራሱ ማንኪያ ነው፣ ሲያልቅም ከነሳህኑ ከነማንኪያው ያልቃል። ወይዘሮ ኮክራን ከሼልቢቪል ይልቅ በጋይንት ተወልዳ ቢሆን ኖሮ የሚሸረፍ ሳህን አጥታ ምናልባት ቅኔ ትቆጥር ነበር።

ለተማሪው የሚቀረው ዕቃ ውሃ የሚጠጣበት ቅል ነው። ቅል አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ስለሆነ እጅ አይገባውም፤ ስለዚህ ጥቂት ጠጠርና ውሃ ተጨምሮበት ይነቀነቃል። ጠጠሩ ግድግዳውን እየፋቀ፣ ውሃው እየተማታ ውስጡ ይጠራል። የኮክራን ማሽንም ሐሳቡ ይኸው ነው፤ እጅ በማይገባበት ውሃ በኃይል ይገባል። ልዩነቱ በቤተ ልሔም ሞተሩ ተማሪው ራሱ መሆኑና በዚያው አፍታ የትናንቱን ዜማ እየከለሰ ስለሚነቀንቅ፣ የማጠቢያው ዑደት በዜማው ርዝመት የሚወሰን መሆኑ ነው።

በገበሬው ቤት ያለው ሥርዓት ከዚህ የጠለቀ ነው። ብረቱና ጎድጓዳው ሳህን በአመድ ይታሻል፤ አመድ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ካርቦኔት ቅባቱን ወደ ሳሙናነት ስለሚለውጠው ዕቃው ይፈገፈጋል፤ የአመዱ ደቃቅ ደግሞ ይፍቃል። ምጣድ በውሃ አይነካም፤ በጎመን ዘር ይታሰሳል። የጠላው ጋን በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፤ ግራዋ ቅጠሉ እጅግ መራራ ቁጥቋጦ ነው። ጋኑ ከታጠበ በኋላ ተደፍቶ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ጭሱ ወደ ሸክላው ቀዳዳ ገብቶ ጠላውን የሚያሻግተውን ነገር ይከላከላል፣ መዓዛም ይሰጣል። ማሽኑ ማጠብና ማድረቅ ሲያውቅ፣ የጋይንት ባልቴት ከዚያ አልፋ ለዕቃው ጣዕም የመስጠት ሦስተኛ ደረጃ አላት፤ ይህን የሚሠራ ቁልፍ በየትኛውም ማሽን ላይ አልተገኘም።

ይህን ሥርዓት አሮጌ ተብሎ ከተረሳበት አገኘሁት የሚል ሰው ሊነሣ ይችላል፤ መገኘት ግን በዚህ አገር አስቸጋሪ ነገር ነው። የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ራሷ ለዚህ ምስክር ናት። ጥንታዊው ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ በላዩ በኋላ ዘመን ክብ የሣር ክዳን ተሠርቶለት ከውጭ ሲታይ እንደ ማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ይመስል ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ቶማስ ፓከንሃም የተባለ የብሪታኒያ ወጣት እዚያ ደርሶ በክዳኑ ሥር ያለውን የመካከለኛው ዘመን ሕንፃ አይቶ ተደነቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 «ዘ ማውንቴንስ ኦቭ ራሴላስ» በተባለው መጽሐፉም ስለ ጉዞው ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ሕንፃው «ተገኘ» ይባላል። ካህናቱ ግን ሲገቡበትና ሲወጡበት የኖሩ ናቸው፤ ጠፍቶ እንደ ነበር የሰሙት ሲገኝ ነው።

በእንዶድም ላይ የሆነው ይህን ይመስላል። እንዶድ ፍሬው በውሃ ሲታሽ አረፋ የሚሰጥ ቁጥቋጦ ስለሆነ የኢትዮጵያ ሴቶች ሸማና ጋቢ ሲያጥቡበት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፍ በመሆኑ ነገሩ ታላቅ ምርምር ሆነ፤ እርሳቸውና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስም እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ሽልማቱ ይገባቸዋል፤ ሴቶቹ ልብሱን እንጂ ቀንድ አውጣውን አልተመለከቱትምና። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባላል፤ በእጅ የያዙት እንዶድ ደግሞ ሰው መጥቶ ቁልቁል እስኪያይ ድረስ ሳሙና ነው።

የጡረተኛው እናት ከጋይንት ሲመጡ ይህን ሥርዓታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ለልጅ ልጅ ክርስትና ጠላ ይጠመቅ ይላሉ፤ ጌሾና ግራዋ ከገበያ ተገዝቶ ይመጣላቸዋል፤ ጋን ግን የለም፣ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ይቀርብላቸዋል። እርሳቸውም በርሜሉን በግራዋ አሽተው፣ ያለ ጭስ ጠላ ጠላ አይባልም በማለት ወይራ ለኩሰው ይደፉበታል። የበርሜሉ አፍ ይጣመማል፤ ጭሱ ከቤቱ ወጥቶ እስከ ጎረቤት ይደርሳል፤ የጎረቤት ልጆች እሳት ተነሣ ብለው ይጮኻሉ። አመድ ይፈልጋሉ፤ በኤሌክትሪክ በሚበሰልበት ቤት አመድ ከየት ይመጣል? እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ በአንድ ሳምንት ሁለት የዱሮ ዕቃ ማጠቢያዎች ወደ ሥራ ለመመለስ ተሞክረው፣ ለአንዱ ፎስፌትና የአሜሪካ መብራት፣ ለሌላው ምድጃና ሸክላ ታጣላቸው። እናትና ልጅ በዚህ ጊዜ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲተካከዙ የተመለከታቸው የዝምድናቸውን ጥብቀት ይረዳል።

ጠጋኙ በመጨረሻ ማሽኑን ያስነሣዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ፓምፑ ያጓራል፣ ክንዱ ይዞራል፣ ሰዓቱ ጠቅ ጠቅ እያለ ይሄዳል፣ ጡረተኛውም ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል፤ ዕቃ ሲታጠብ ክፍሉን ለቅቆ የሚወጣው ሰው አሁን 72 ደቂቃ ሙሉ ይመለከታል።

ችግሩ የሚታጠበው ዕቃ ላይ ነው። ማሽኑ የተሠራው እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ሳህን፣ ሹካና ብርጭቆ ለሚይዝበት ማዕድ ነው። በዚህ ቤት ቤተሰቡ በአንድ ትሪ ዙሪያ ይበላል፤ ትሪው ደግሞ በማሽኑ በር አይገባም። ጀበና ሸክላ ስለሆነ የሳሙናውን ሽታ ጠጥቶ በሚቀጥለው ቡና ይመልሰዋል። ሲኒ ቀላል ነው፤ ውሃው ሲመታው ይገለበጥና የታጠበበትን ውሃ በሆዱ ይዞ ይጠብቃል። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ያሉት አበው ብርሌን አንገቷን ሲያቀጥኑት ይህን ማሽን አላሰቡም። ብረት ድስት ይገባል፤ እርሱ ግን አንዱ ብቻውን ማሽኑን ይሞላዋል። ስለዚህ ማሽኑ የ12 ሰው ዕቃ ይፈልጋል፣ ቤቱ ያለው ስድስት ሳህን ነው፤ ባል ማሽኑ ባዶ እንዳይዞር ስድስት ሳህን ይገዛል። ሚስት በሕይወቷ የሚታጠብ ዕቃ ሲገዛላት ይህ የመጀመሪያው ነው።

የክርስትናው ዕለት ሲደርስ እነዚያም አይበቁም። ሳህን ከእድር ይመጣል። እድር በኀዘንም በደስታም ጎረቤት የሚረዳዳበት ማኅበር ሲሆን፣ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ብዛት ያለው ሳህኑ በአንድ ኃላፊ እጅ በቁጥር ወጥቶ በቁጥር ይመለሳል። ድግሱ ሲያበቃ የሰፈሩ ሴቶች በግቢው ሦስት ሳፋ ይደረድራሉ፤ በመጀመሪያው ሳሙና፣ በሁለተኛው መለቅለቂያ፣ በሦስተኛው ማጥሪያ ነው። አንዷ ታሻለች፣ አንዷ ትለቀልቃለች፣ አንዷ ትደረድራለች፤ የጋይንቷ እናት ከጎን ተቀምጠው በደረቅ ጨርቅ ያደርቃሉ፤ ወሬው ከሳህኑ ይፈጥናል። ጡረተኛው በበኩሉ ከክምሩ 12 ሳህን አንሥቶ ማሽኑን ለእንግዶች ለማሳየት ወደ ውስጥ ይገባል።

ሴቶቹ ጨርሰው፣ ሳፋውን ደፍተው፣ ቡና ሲጠጡ የእድሩ ኃላፊ ይቆጥራል፤ 12 ሳህን ይጎድላል። ደግሞ ይቆጥራል፤ ያው ነው። የጎደለው ያለበት ሲነገረው ወደ ወጥ ቤት ገብቶ በሚያጓራው በር ፊት ይቆማል፣ መዝገቡን በብብቱ ይዞ። «ጋሼ፣ ስንት ይቀረዋል?» ይላል። «አርባ ደቂቃ» ይባላል። ይቀመጣል። በዚህ መካከል መብራት ይጠፋል፤ ሰዓቱ ባለበት ይቆማል።

ኃላፊው ጥቂት ይጠብቅና፣ ሌላ ሰፈር ለቅሶ እንዳለና ሳህኑ ማታውኑ እንደሚፈለግ ያስታውቃል። በሩ ይከፈታል፤ እንፋሎት ይወጣል፤ 12ቱ ሳህኖች አረፋ እንደ ለበሱ አንድ በአንድ ወደ ግቢ ይወርዳሉ። ሳፋው እንደገና ውሃ ይሞላል። እናትየው የመጀመሪያውን ሳህን ተቀብለው ወደ ብርሃን ካዞሩት በኋላ፣ «ይኼስ ለማጠብ ደኅና አድርጎ ተዘፍዝፏል» ይላሉ፤ ኃላፊውም በመዝገቡ ላይ «ተሟልቶ ተረክቤአለሁ» ብሎ ይፈርማል።